«እጅሽን ቢላ አታስነኪ!» እውነት ወይስ ተረት?

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እጁ ደንዝዞ የሚቀሰቅሰው ሰው በየሰፈሩ አለ። ይነሳል፣ እጁን ያራግፋል፣ ከአልጋው ጠርዝ ቁልቁል ያንጠለጥለዋል፣ ሲሻለው ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ለጎረቤት ሲያወራው ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ ብርድ ነው ይላል፤ ሌላው ደም አልዘዋወር ብሎ ነው ይላል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ «የነርቭ ነው፣ ቢ ኮምፕሌክስ ተወጋ» ትላለች። ሐኪም ዘንድ ተሄዶ «ካርፓል ተነል ነው፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል» ሲባል ግን የሰፈሩ ምክር ሁሉ አንድ ይሆናል። «ኧረ እጅሽን ቢላ አታስነኪ! ነርቭ ተነክቶ ማን ድኗል? እገሊትን አላየሻትም? ከተቀደደች ወዲህ ስኒ እንኳ ከእጇ ይወድቃል።»

እገሊትን ሁላችንም እናውቃታለን፤ በየሰፈሩ አንድ አትጠፋም። ስኒው መውደቁም እውነት ነው። ተረቱ የገባው «ከተቀደደች ወዲህ» የተባለው ላይ ነው፤ እሱን ቆየት ብለን እናየዋለን።

መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። ብዙ ሰው ሐኪሙ ነርቩን የሚከፍት ወይም የሚቆርጥ ይመስለዋል። አይደለም። ከመዳፋችን ግርጌ፣ አንጓው ላይ፣ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው አጥንት ነው፤ ጣሪያው ወፍራም ማሰሪያ ነው። በዚህ ውስጥ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶችና ሚዲያን የሚባል አንድ ነርቭ ያልፋሉ። በሥራ መውጫ ሰዓት ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሰው የሚያጭቅበትን ሚኒባስ አስቡት። ዘጠኙ ተሳፋሪዎች ጠንካሮች ናቸው፤ የነሱ ሽፋን ትንሽ ባበጠ ቁጥር የሚጨፈለቀው አሥረኛው፣ ለስላሳው ነርቭ ነው። ሐኪሙ የሚቆርጠው ጣሪያውን ነው። ማሰሪያው ሲከፈት ቦታው ይሰፋል፤ ነርቩ ላይ የነበረው ጫና ይቀንሳል። የተቆረጠው ማሰሪያ ከጊዜ በኋላ ከቀድሞው ላላ ብሎ በጠባሳ ይጋጠማል። ነርቩን የሚቆርጠው የለም፤ የቀዶ ሐኪሙ ጥንቃቄ በሙሉ እሱን ላለመጉዳት ነው።

ትናንት የተጀመረ ሙከራም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓጄት አንጓ ላይ ስለተጨቆነ ነርቭ የጻፉት በ1854 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው)። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሊርማንዝ ማሰሪያውን ከፍተው ነርቩን ነፃ ስለማውጣት የዘገቡት በ1933 ነው። ከ1950 ወዲህ ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ፋለን በክሊቭላንድ ክሊኒክ በርካታ ሕመምተኞችን ተከታትለው በሽታውን ለሐኪሞች ሁሉ አስተዋወቁ። አንጓን አጥፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል በማቆየት ጣቶቹ ይደነዝዙ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ዛሬም በእሳቸው ስም ይጠራል።

«ነርቭ ከተነካ ሽባ ያደርጋል» የሚለው ታዲያ ለምን አልጠፋም? አንደኛው ምክንያት የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ወሬ ይመስለኛል። ሰው ስለ ነርቭ ኦፕራሲዮን ሲሰማ ጀርባው ተከፍቶ መራመድ ያቃተውን ዘመድ ያስታውሳል፤ ፍርሃቱን እንዳለ ወደ እጅ ያሻግረዋል። የእጅ መደንዘዝ በራሱም ስትሮክን ያሳስባል። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። በእንግሊዝ ከ1998 እስከ 2017 የተደረጉ ከ850 ሺህ በላይ የካርፓል ተነል ቀዶ ጥገናዎች አንድ ላይ ተጠንተው ነበር። በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ሆስፒታል የሚያስተኛ ወይም እንደገና የሚያስከፍት ጉዳት የደረሰባቸው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞሉም። ምልክቱ አልለቅ ብሎ ወይም ተመልሶ መጥቶ በዚያው እጅ ላይ ዳግመኛ የተሠራላቸው 3.4 በመቶ ያህል ናቸው። እርግጥ እንግሊዝ እንግሊዝ ናት። የእኛ አገር ቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉ እንደዚያ የተደራጀ አይደለም፤ ስለዚህ «ይህን ሥራ አዘውትረው ይሠሩታል?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይባልም። ነርቩ የሚጎዳበት አጋጣሚም ፈጽሞ የለም አልልም፤ በሠለጠነ እጅ ግን በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ እገሊት እንመለስ፤ ለተረቱ ዕድሜ የሰጡት እንደሷ ያሉ ሰዎች ናቸውና። የሰፈሩ ሰው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ቀዶ ጥገና ነበረ፣ እጇም ደካማ ነው። አንዱ ሌላውን አመጣ ብሎ ይደመድማል። ያላየው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። መጀመሪያ ሌሊት ብቻ ይደነዝዛት ነበር። ቀጥሎ ስልክ ስትይዝ፣ ሹሩባ ስትሠራ፣ ቡና ስትወቅጥ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ። ከዚያ ሕመሙ ራሱ ጋብ አለ፤ «ተሻለኝ» አለች። እሱ ነው አታላዩ። ነርቩ ክፉኛ ሲጎዳ የሕመም መልእክት ማስተላለፉንም ይተዋል፤ ያን ጊዜ የአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ፣ ቁልፍ መቆለፍ ማስቸገር፣ ስኒ መውደቅ ይጀምራል። ሐኪም ዘንድ የሄደችው እዚህ ደረጃ ላይ ደርሳ ነው።

ጫና ነርቭን ደረጃ በደረጃ ነው የሚጎዳው። በመጀመሪያ የሚነካው የነርቩ ሽፋን ነው፤ እሱ ጫናው ሲነሳ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያገግማል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ውስጡ ያሉት ክሮች ራሳቸው ይሞታሉ። የሞተ ክር ከአንጓው ተነስቶ እንደገና ማደግ አለበት፤ ፍጥነቱም በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርቀት በዚህ ብታካፍሉት ግማሽ ዓመት ገደማ ይመጣል። ያም ቢሆን ነርቩ ሲደርስ ለረጅም ጊዜ የሟሸሸው ጡንቻ ላይነቃ ይችላል። እገሊት ላይ ቀዶ ጥገናው የሠራው ጉዳቱ እንዳይገፋ ማቆም ነው፤ የሄደውን ሁሉ መመለስ አልቻለም። ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ «ቢላ አታስነኪ» የሚለው ምክር ሰዎችን ያዘገያል፤ የዘገዩት ውጤታቸው ደካማ ይሆናል፤ ደካማው ውጤት ደግሞ ለምክሩ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ተረቱ የራሱን ማስረጃ ራሱ ያመርታል።

ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንዷ እገሊት በጊዜ ሄዳ በደንብ ተሠርቶላታል፤ ነገር ግን ጎረቤት የሚጠይቃት በሦስተኛው ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ የመጨበጥ ጉልበት ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበረውም ያነሰ ነው፤ በአብዛኛው ወደነበረበት የሚመለሰው ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ነው። ከመዳፉ ግርጌ ግራና ቀኝ ያሉት ጉብታዎች እጅን ተደግፎ ለመነሳት ሲሞከር ያማሉ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይለቃል። በሦስተኛው ሳምንት «እንዴት ነሽ?» ተብላ «ጀበና ማንሳት አቃተኝ» ስትል ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል። በስድስተኛው ወር እጇን ረስታ ሊጥ ስታቦካ ግን ማንም አይጠይቃትም። ድኛለሁ ብሎ ድግስ የሚደግስ የለማ!

በሌላ በኩል ያለው ተረት ደግሞ ከክሊኒክ ማስታወቂያና ከወዳጅ ማጽናኛ የመጣ ነው፦ «ሃያ ደቂቃ ነው፣ በማግስቱ እንደ አዲስ ትሆኛለሽ።» ሃያ ደቂቃው እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። በማግስቱ የሚለው ግን ሰውን ቅር ያሰኛል፤ ቅር የተሰኘ ሰው ደግሞ ዞሮ የመጀመሪያውን ተረት ያጠናክራል። ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ቀድሞ የሚሄደው የሌሊቱ ሕመም ነው፤ አንዳንዱ በዚያው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። የጣት መደንዘዝ ቀስ ይላል፤ ብዙ ለቆየበት ሰው እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ጉልበት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይም ሁለቱ ወገኖች የሚሉትን አይመስልም። በኔዘርላንድስ 176 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በቀዶ ጥገና፣ ግማሹን ሌሊት በሚታሰር የአንጓ መደገፊያ ያከመ ጥናት በ2002 ታትሞ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በቀዶ ጥገናው በኩል 90 በመቶ፣ በመደገፊያው በኩል 75 በመቶ «ድኛለሁ» ወይም «በጣም ተሽሎኛል» ብለዋል። በዚያው አገር የተደረገና 934 ሰዎችን የያዘ፣ በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕክምናውን በቀዶ ጥገና የጀመሩትን በስቴሮይድ መርፌ ከጀመሩት ጋር አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ዳኑ የተባሉት 61 በመቶና 45 በመቶ ናቸው። ዘጠናው እንዴት ስልሳ ሆነ? የሁለተኛው ጥናት መለኪያ ጠበቅ ያለ ነው፤ ለመዳን ምልክቱ ከሞላ ጎደል መጥፋት ነበረበት፤ «በጣም ተሽሎኛል» ብቻ አያስቆጥርም። እኔ ለጎረቤቴ ሁለቱንም ነው የምነግረው። አብዛኛው ሰው በጣም ይሻለዋል፤ ጨርሶ እንዳልታመመ የሚሆነው ግን ሁሉም አይደለም። ሽባ የሚሆነውን በነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

«መርፌ ካለ ቢላ ለምን?» የሚል ደግሞ አለ። ግማሽ እውነት አለውና በደንብ እንየው። አንጓው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ በእርግጥ ያስታግሳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ነገር ግን በስዊድን መደገፊያ ሞክረው ባልተሻላቸው 111 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 92 በመቶው፣ ከፍተኛውን የስቴሮይድ መጠን ከወሰዱት ደግሞ 73 በመቶው ወደ ቀዶ ጥገና ሄደዋል። መርፌው ጊዜ ይገዛል፤ ለአንዳንዱም ይበቃዋል። ለነፍሰ ጡር ሴት፣ ምልክቱ ገና ለጀመረው፣ በሥራ ምክንያት ዛሬ መቀደድ ለማይመቸው ሰው ጊዜ መግዛት ትልቅ ነገር ነው። የአውራ ጣቱ ሥጋ እየሟሸሸ ላለ ሰው ግን የተገዛው ጊዜ ነርቩ እየሞተ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

ፋርማሲው ውስጥ ያለው «የነርቭ ቫይታሚን» ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቢ ቫይታሚን እጥረት ያለበትን ሰው ይጠቅማል፤ የተጣበበ መተላለፊያን አያሰፋም። ይባስ ብሎ ቢ6 ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል፤ ምልክቱም የእጅና የእግር መደንዘዝ ነው። ሰውየው መደንዘዙ ሲብስበት መድኃኒቱ አነሰኝ ብሎ ይጨምራል። ወጌሻውም ቢሆን ለወለምታና ለውልቃት ያለው ልምድ እንዳለ ሆኖ፣ ያበጠ አንጓን በቅቤ አጥብቆ ማሸት ለተጨቆነ ነርቭ መፍትሔ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ርካሹና ብዙም የማይወደሰው ነገር ይሻላል፤ ሌሊት አንጓው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚያደርግ መደገፊያ። ገና ለጀመረው ሰው መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው።

«የኮምፒውተር በሽታ ነው፤ ሥራዬን ካልተውኩ ብቀደድም ይመለሳል» የሚሉም አጋጥመውኛል። ቁልፍ ሰሌዳ መምታት ዋነኛ ጥፋተኛ ስለመሆኑ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። አጥብቆ መጨበጥን ደጋግሞ የሚጠይቅና የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሚያስይዝ ሥራ ግን ያጋልጣል፤ ባሕረ ሰላጤው አገር ቀኑን ሙሉ ልብስና ወለል ስታሽ የምትውል እህታችን፣ አሜሪካ ሹሩባ በመሥራት ልጇን ያሳደገች እናት ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። ከሥራ ውጭ ደግሞ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ድክመት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ውፍረት፣ እርግዝና፣ የቤተሰብ ተፈጥሮ አሉ፤ ሴት መሆንና ዕድሜም ይጨመራሉ። በእርግዝና የመጣው በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ ስለሚለቅ አይቸኮልም። ስኳር ላለበት ሰው ግን «ስኳር ስላለብሽ አይሆንልሽም» የሚለውን አትቀበሉ፤ ስኳር ያለባቸውም በቀዶ ጥገናው ይጠቀማሉ፤ ስኳሩን ቀድሞ ማስተካከል ነው የሚፈለገው። ስኳር ራሱ እጅና እግርን ስለሚያደነዝዝ የትኛው የማን እንደሆነ መለየትም ያሻል።

ይህ መለየት ለውጤቱ ወሳኝ ነው። ሚዲያን ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ማርያም ጣት የሌላ ነርቭ ናት። የሚደነዝዛችሁ እሷ ብቻ ከሆነች፣ ወይም አንገታችሁን ስታዞሩ ሕመሙ ከትከሻ ተነስቶ የሚወርድ ከሆነ፣ ችግሩ ክርን ወይም አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። ያለ በቂ ምርመራ አንጓው ተከፍቶ ምንም ያልተለወጠለት ሰው ቀዶ ጥገናውን ቢያማ አልፈርድበትም፤ ግን የተሠራው ያልታመመው ቦታ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር የነርቭን ፍጥነት በኤሌክትሪክ የሚለካውን ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ገንዘብ አጠራቅሞ ባንኮክ ወይም ሕንድ ሄዶ «በካሜራ» መሠራት ይሻላል የሚለው ወሬ አቅም ያላቸውን ሰዎች ያዘገያል። በካሜራ (በኢንዶስኮፕ) የተሠራ ሰው በአማካይ አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ጠባሳውም ብዙ አያስቸግረውም። ከዚያ በኋላ፣ ወራት ሲያልፉ፣ መዳፍ ላይ በተከፈተ አጭር ስንጥቅ ከተሠራው ጋር ውጤታቸው እኩል ነው። መዳፉን ከፍቶ መሥራት ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሙሉ ማደንዘዣም አያስፈልገውም። ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፤ ታካሚው ነቅቶ ከሐኪሙ ጋር እያወራ ይሠራለታል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ከማደንዘዣው ሳልነቃ ብቀርስ?» የሚለው ጭንቀት እዚህ ቦታ የለውም።

ቤት ሲገባ የሚጠብቀው የመጨረሻው ተረት ነው፦ «እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ!» ዘመድ በፍቅር እጁን በነጠላ አንገት ላይ ያስረዋል፣ ሳምንት ሙሉ ጣት አይታጠፍም። ይህ ጣቶችን ያደርቃል። ጣቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መታጠፍና መዘርጋት አለባቸው፤ አንጓን ለሳምንታት በመደገፊያ ማሰር ውጤቱን እንደማያሻሽል ታይቷል። እጅን ከልብ ከፍታ በላይ ማድረግ፣ ቁስሉን ማድረቅ፣ ስፌቱን ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ውስጥ ማስወጣት በቂ ነው። ጄሪካን ማንሳትና ልብስ መጭመቅ ግን ጥቂት ሳምንታት ይቆይ። መግል፣ ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ማን ቶሎ ይሂድ? ጣቱ ቀኑን ሙሉ የሚደነዝዘው፣ ዕቃ የሚወድቅበት፣ ሁለቱን መዳፎቹን ጎን ለጎን ሲያያቸው በአንዱ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ የታየው ሰው። አንጓው ተሰብሮ ወዲያው ጣቶቹ መደንዘዝ የጀመሩ ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት። ሁለቱም እጅ የታመመበት ብዙ ነው፤ በአብዛኛው የባሰው ቀድሞ ይሠራል፤ ሌላው ይከተላል። ሁለቱን ባንድ ቀን ማሠራትም ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ ለጥቂት ቀናት የሚያለብሳችሁ፣ የሚያጥባችሁና የሚያጎርሳችሁ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ከቀጠሮው በፊት አረጋግጡ።